ሎሚ በቀበሌው ማቆያ

ሰሞኑን ደም ግፊቴን ልለካ ጳውሎስ ሆስፒታል ሄጄ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ጽዳት የምትሠራ ልጅ ኮሪደሩን በበረኪና እየወለወለች እኔ ጋ ስትደርስ፣ «እማማ፣ እግርዎን አንዴ ከፍ ያድርጉልኝ» አለችኝ። እማማ መባሉን ገና አልለመድኩትም። ቢሆንም እግሬን አነሳሁላት። እሷ ወልውላ አልፋለች፣ እኔ እግሬን እንዳንጠለጠልኩ ቀርቻለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው፣ ቁርጥማት ነው?» ሲሉኝ ነው የባነንኩት። ቁርጥማት አይደለም፤ ሽታው ነው። በረኪና በጠዋት ሲሸተኝ፣ ሲሚንቶው ገና ሳይደርቅ፣ እኔ ያለሁበት ቦታ የለሁም። ጉለሌ ነኝ፣ የቀበሌያችን ሕፃናት ማቆያ በር ላይ፣ ትንሽ እጅ ይዤ።

ያኔ የደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ዓመተ ምሕረት አይያዝልኝም። የሚያዝልኝ ሌላ ሌላው ነው። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፣ ያውም እንደ ዛሬው እፍ ሲሉት የሚበር አይደለም፣ ለሁለት ተቆርሶ የሚያጠግብ። ወንዱ ካኪ ይለብሳል፣ ሴቱ ቴትሮን ቀሚስ፤ እግር ላይ ኮንጎ ጫማ፣ በበጋ እግር የሚቀቅል፣ በክረምት የሚያንሸራትት። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሸማኔዎቹ ነጠላቸውን በትከሻቸው ደርበው ሲወርዱ ጥለቱ ከሩቅ ያምራል። ከየሱቁ ራዲዮ ማርሽ ይለቀቃል፤ ማርሹ ሲያልቅ ክራር፣ ክራሩ ሲያልቅ ማርሽ። ሰው ራዲዮውን ከፍ የሚያደርገው ዘፈን ወዶ ብቻ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ የሚያወራውን ጎረቤት እንዳይሰማው ነው። ሰው ሰውን ይፈራ ነበር። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ፈሪ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፣ ምን ልደብቃችሁ።

የምፈራው መንግሥትን ብቻ አልነበረም። ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብሬያለሁ። አንዱ ጥርስ ሳያበቅል፣ አንዱ «እማ» ማለት ጀምሮ። ሰፈሩ ሾተላይ አለባት አለኝ። ሐኪም ቤት ሌላ ስም ሰጡት፣ ስሙን አልያዝኩትም። ሦስተኛው ሲወለድና አሁንም ወንድ መሆኑ ሲታይ፣ ያዋለደችኝ ሴት ቶሎ ብላ በጨርቅ ጠቀለለችውና በሩ ላይ ቆማ የሴት እልልታ አሰማች። ሰፈሩም ሴት ወለደች ብሎ ገንፎውን በልቶ ሄደ። በአርባ ቀኑ ጎህ ሳይቀድ በጋቢ ሸፍኜ ወስጄ ክርስትና አስነሳሁት፤ ለሰው እንጂ ለእግዜር አይዋሽም። በሰማንያ ቀኑ ደግሞ እንደ ሴት ልጅ እናት እንደገና ነጭ ለብሼ፣ ንፍሮ ቀቅዬ፣ ሰፈሩን አበላሁ። ባለቤቴ ታደሰ «አንድ ልጅ ሁለቴ ስናስጠምቅ ከሰረን እኮ» ብሎ ይስቅ ነበር። የልጁን እውነተኛ ስም ታደሰ በጆሮው ሹክ አለው፣ ኤልያስ። ከዚያ ወዲያ ያንን ስም ከአፋችን አላወጣነውም። ሰው ሁሉ የሚጠራው ሎሚ ብሎ ነው። ሰባት ዓመት እስኪሞላው ምላጭ ላያርፍበት፣ ቀሚስ ሊለብስ፣ ጆሮው ተበስቶ ሉቲ ሊንጠለጠልበት ተሳልኩ። ሞት በደጅ ሲያልፍ ወንድ ልጅ ፈልጎ ሴት አግኝቶ እንዲሄድ ነው። እንግዲህ እኛ የምናውቀው መድኃኒት ይሄ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ታደሰ ዘመተ። ለሽኝት ቀበሌው ደጃፍ ላይ ከበሮ ተመታ፣ አውቶቡስ ላይ ወጣ፣ በመስኮት እጁን አወጣ፣ በቃ። እኔና ሎሚ ቀረን፤ ቤት ውስጥም ሳይቀር «አንቺ» ነበር የምላት።

እኔ ክር ፋብሪካ ነው የምሠራው። ጠዋት ገብቼ ወደ ማታ እወጣለሁ፤ ልጅ ይዞ መግባት የለም። ቤት ዘግቼባት እንዳልሄድ እሳት አለ፣ ጎረቤት እንዳልሰጥ የሎሚን ምስጢር ማን ይጠብቅልኛል? ያኔ ነው ቀበሌው ማቆያውን የከፈተው። የተወረሰ ቪላ ነበር፣ ጥድ ያለበት ግቢ፤ ድሮ የአንድ ባለርስት ቤት ነው ይላሉ። ሳሎኑ ልጆቹ የሚተኙበት ሆነ፣ ገንዳ ያለው የመታጠቢያ ክፍል የከሰል ማስቀመጫ። ግድግዳው ላይ መፈክር፣ ከመፈክሩ ሥር የእንጨት አግዳሚ፤ በቀኝ ወንዶች በግራ ሴቶች። ጠዋት የዱቄት ወተት በጣሳ፣ ቀን ክክ ወጥ፣ ወይም ገንፎ። የሚከፈለው ምንም አይደለም፣ ግን ወረፋው! ቦታ ያገኘች ሴት ሎተሪ እንደወጣላት ነበር የምትታየው። ቁጥጥሩም እንደዚያው ነው። እናት የእሑዱን ስብሰባ ከቀረች ይጠየቃል፤ ልጅ ካለ በቂ ምክንያት ከቀረ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የእኔ እንጀራ በዚያ አግዳሚ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ሎሚን አዘጋጅቼ ነው የወሰድኳት። ቆሞ መሽናት አላስተማርኳትም። ማቆያው ውስጥ ልጆቹን ሁሉ በፖፖ ላይ ደርድረው ያስቀምጧቸዋል፤ ቀሚሷን እንደለበሰች ቁጭ ትላለች፣ ማን ያያል ብዬ። አየ የኔ ነገር! ገና በመጀመሪያው ማታ ልወስዳት ስሄድ እትዬ ጥሩነሽ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። እትዬ ጥሩነሽ ሞግዚቷ ናቸው፤ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሽርጣቸው ሁልጊዜ በረኪና የሚሸት።

«አስካለ፣ ነይ እስቲ። ይቺ ሎሚሽ…» አሉኝ።

ሽርጣቸውን ያዝኩ። «እባክዎ እትዬ፣ በልጆችዎ…»

«እኔ ምን ወጣኝ? ሎሚ ናት ነው ያልኩት። የሎሚ ዛፍ ደግሞ እሾህ አለው፣ ምን ያስደንቃል?» ብለው አፋቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ፣ «ስንት ቀበርሽ?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«እኔ አራት። እኔን እንዲህ አድርጊ ብሎ የመከረኝ የለም» አሉና ሎሚን አቅፈው አመጡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ሌላ ሰው አያጥባትም፣ ሌላ ሰው አያለብሳትም።

ሎሚ እንዴት ያለች ልጅ መሰለቻችሁ። እሑድ ከሰዓት፣ ከስብሰባ ስንመለስ፣ ደጃፍ ላይ በጉልበቶቼ መሃል አስቀምጫት ሹሩባ እሠራታለሁ። «እማዬ አመመኝ» ትላለች፣ ቀና ብላ ግን አትነሳም። ምስር ስለቅም ትለቅማለች፤ ጠጠሩን ለእኔ፣ ምስሩን ለአፏ። ፋብሪካ የዋለ ሰው ማታ ጆሮው ይጮሃል፤ እሷ ስታወራ ነው የሚለቀኝ። ማቆያው ውስጥ ማን ማንን ነከሰ፣ ማን ወተቱን ደፋ፣ እትዬ ጥሩነሽ ማንን ገሠጹ፣ ሁሉንም ትነግረኛለች። የተማሩትን መዝሙር ግጥሙን አፋልሳ ትዘምርልኛለች፣ እጇን እንደ ወታደር እያወናጨፈች፣ ሉቲዋ እየተወዛወዘ። ለሌላ ሰው የማልናገረውን ለእሷ እናገራለሁ፤ አባትሽ ቀረ እኮ እላታለሁ። «ይመጣል፣ አውቶቡሱ ተበላሽቶበት ነው» ትለኛለች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ያለው ማን ነበር? እኔ ልጅ የማሳድግ አይመስለኝም ነበር፤ ጓደኛ ያለኝ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቀን ሎሚን ሳደርስ እትዬ ጥሩነሽ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው ልክ አይደለም። «ነገ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ወጥ ቤቱን ያያሉ፣ ብርድ ልብሱን ያያሉ፣ ልጆቹን ደግሞ አንድ በአንድ ይመዝናሉ። ራቁታቸውን። እናቶችም ትገኛላችሁ ተብሏል» አሉኝ። ልጅ መመዘኑ ራሱ ለእኔ ሌላ ፍርሃት ነው፤ ልጅ እንደ ሥጋ ተሰቅሎ፣ ይሄን ያህል ኪሎ ተብሎ በሰው መሃል ሲጠራ ዓይን አይለቀውም። ቀኑን ሙሉ ክር እየበጠስኩ ስሠራ ዋልኩ። ሸጎሌ ያለችው አክስቴ ጋ ልደብቃት? ነገ የቀረ ልጅ ቦታው ይወሰዳል፣ ቦታው ከተወሰደ ሥራው ይሄዳል። ልውሰዳት? ስለቴ ሰባት ዓመት ሳይሞላ በሰው ፊት ይፈርሳል፣ ሞት ወንድ መሆኑን ይሰማል። ሁለቱም መንገድ ልጄን ይገድልብኛል። የማማክረው ሰው የለኝም። ጎረቤት ባማክር ማን ለማን ይናገራል? ጠዋት ግንባሯን አማተብኩባት፣ ንጹሕ ቀሚስ አለበስኳትና ወሰድኳት።

ሳሎኑ ከወትሮው ይበልጥ በረኪና ይሸታል። ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሚዛን ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የሸራ ቁምጣ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበታል፤ ልጁን እዚያ ውስጥ ይጨምሩታል። ተቆጣጣሪው አፍሮ ያጎፈረ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአጠገቡ ቆሟል፤ ካኪ ሱሪ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ፣ ቆቡን እስከ ጆሮው የደፋ። ከእኛ ቀበሌ ስሙን በሙሉ ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ሊቀመንበር ነው በቃ።

«ሎሚ ታደሰ!» ተባለ።

«ይቺ ጉንፋን ይዟታል፣ በልብሷ ትመዘን» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«እናቴ፣ በልብሱ የተመዘነ ልጅ የለም። ለሁሉም አንድ ነው» አለ ተቆጣጣሪው፣ እጁን ዘርግቶ ቀሚሷን ራሱ በአናቷ አወለቀው።

እናቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ሱቅ ያላት ዘይነባ፣ ልጇ ከሎሚ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የምትቀመጠው፣ «ያ ረቢ! ለልጄ ሠርግ ሚዜ አገኘሁ ስል፣ ለካ ሙሽራው ኖሯል!» አለች። ሊቀመንበሩም ሳቀ፤ «ጓዲት አስካለ፣ ገና ወተት ሳይጥል ከብሔራዊ ውትድርና ልታስቀሪው ነው?» አለ። እሱ ሲስቅ ሁሉም ድጋሚ ሳቀ። ያልሳቀው ተቆጣጣሪው ነው። ልጄን ሚዛኑ ውስጥ እንደተንጠለጠለች ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«እዚህ የተመዘገበችው ሴት ናት። ሴቷ ልጅ የት ናት? ይሄስ የማን ልጅ ነው?»

ሳቁ እንደ ውኃ ተቆረጠ። ያንን ዘመን የኖረ ሰው ነው የሚገባው። የተያዙ ሰዎች፣ የጠፉ ሰዎች ልጆች ነበሩ፤ በሌላ ሰው ስም ከቤት ቤት የሚዘዋወሩ። እንዲህ ያለ ልጅ የተገኘበት ቤት ይጠየቃል። ከጠየቁ ደግሞ ይወስዳሉ፤ አንቺን ወደ አንድ ቦታ፣ ልጁን ወደ ሌላ። ዘይነባ አንገቷን ደፋች። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ቀስ እያሉ ፈቀቅ ሲሉ ይሰማኛል።

«የራሴ ነው። በማርያም የራሴ ነው።»

«ስሙ?»

ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። «ኤልያስ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ኤልያስ!» ብሎ ጠራው ተቆጣጣሪው። ልጁ ጣሪያውን ያያል። «ኤልያስ!» አሁንም ዝም። ተቆጣጣሪው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ፣ «ስሙን እንኳን አያውቀውም» አለ።

እትዬ ጥሩነሽ አላስቻላቸውም። «ሎሚ!» አሉ።

«አቤት!» አለች ልጄ፣ ከዚያ ከተሰቀለችበት፤ ማልቀስም ጀመረች። ሊቀመንበሩ ልቅሶው ጆሮውን ሲበላው ነው መሰለኝ፣ ከሚዛኑ አውጥቶ አቀፋት። እሷ ያቀፋትን ሰው ሁሉ ፊቱን የምትዳስስ ልጅ ናት። አፍንጫውን ነካች፣ ቆቡን ገፋች፣ ጆሮውን ያዘች። ልቅሶዋን አቋረጠች።

«አንተም ተበስተሃል?» አለችው። «እማዬም በስታኛለች። የአንተን ሉቲ ማን ወሰደብህ?»

ሁላችንም አየነው፤ በግራ ጆሮው ጫፍ ላይ የተደፈነ የቆየ ቀዳዳ፣ እንደ ምስር ፍሬ። እናቱ ከእሱ በፊት የቀበረች ሴት ናት ማለት ነው። ስንት እሑድ ነው ያ ሰው ጠንቋይና ክታብ፣ ስለትና ልማድ ኋላ ቀር ነው እያለ ያስጨበጨበን! ቆቡን መልሶ ደፋው። ፊቱ ቀላ። እኔን ለአፍታ አየኝ፤ እንደ ሊቀመንበር አይደለም፣ እንደ ሰው ልጅ ነው ያየኝ።

«ልጁ የእሷ ነው» አለ።

«በምን ተረጋገጠ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«እኔ አውቃለሁ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ግን መዝገቡ…»

«አውቃለሁ አልኩህ!» ከዚያ የስብሰባ ድምፁን አወጣ። «ፀጉሩ አሁን ይቆረጥ። በወንድ ይመዝገብ። በእኔ ቀበሌ እንዲህ ያለ ልማድ አይሠራም።»

እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ጌታዬ፣ እስከ ሰባት ዓመቱ ነው የተሳልኩት፣ ይሞትብኛል!» አልኩ። ጌታዬ ማለት የተከለከለ ነበር፤ አምልጦኝ ነው። ወደ እኔ አልዞረም። «ወይ ፀጉሩ ወይ ቦታው» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። አጥሩ ላይ ልጆቻቸውን ያዘሉ ሴቶች ተደግፈው ይጠብቁ ነበር፤ የአንዷ ቦታ ይለቀቅ ይሆናል ብለው።

በጉልበቶቼ መሃል አስቀመጥኳት፣ እንደ እሑዱ። እትዬ ጥሩነሽ ጆንያ የሚቆርጡበትን መቀስ አምጥተው መቁረጥ ጀመሩ። ሹሩባው አንድ በአንድ ሲሚንቶው ላይ ይወድቃል። «እማዬ፣ ፀጉሬን ሰበሩት፣ ነይ ምቺያቸው» ትለኛለች። እኔ ትከሻዋን ይዤያለሁ። ሊያልቅ ሲል ሊቀመንበሩ ጎንበስ አለና፣ «እትዬ፣ መሃሉን ይተዉለት» አለ። ተቆጣጣሪው ቀና ሲል ጊዜ፣ «ለጌጥ ነው» አለው። እንደዚያ ሆኖ በአናቱ ላይ ቁንጮ ቀረለት። ለሉቲውም ማንም እጁን አልዘረጋም፤ ቤት ስንገባ እኔው አወለቅኩት።

ከዚያ እንግዲህ ሞቱን ጠበቅሁ። ሲያስለው ሞተ፣ ሲያተኩሰው ሞተ፣ ብዙ ሲተኛ ሞተ። አልሞተም። ተመስገን፣ ያው በሕይወት አለ። ሰባት ዓመት ሲሞላው ቤተ ክርስቲያን ወስጄው ቄሱ ጠበል ረጩት፤ ስለትሽ ባይሞላም ልጅሽ ሞልቷል አሉኝ።

ግን ያ የፀጉሩ ቀን ባለፈ በማግስቱ ልወስደው ስሄድ፣ አንድ ባለቁንጮ ልጅ በአጭር ሱሪ እየሮጠ መጣ። በቀኝ በኩል ካለው አግዳሚ ነው የመጣው። እኔ ግን ዓይኔ በግራ በኩል ነበር፣ ሴቶቹ ጋ። እጄን ሲይዘኝ እንኳን ወዲያ እያየሁ ነበር። ልጆቹ ቆሞ መሽናት አስተማሩት። ምስር ስሰጠው «የሴት ሥራ ነው» አለኝ። ማታ ማታ ስለ ማቆያው ስጠይቀው «ምንም» ይላል። ሹሩባ የምሠራላት የለችም፣ ስለ አውቶቡሱ የምትነግረኝ የለችም። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ምን ያደርጋል፤ ጥፋት የለበትም። ልጄ ተረፈልኝ ብዬ እግዜርን ሳመሰግን ነው የኖርኩት። ታዲያ አንዲት ልጅ ጠፍታብኛለች ብል ማን ይሰማኛል? ለእሷ ድንኳን አይጣል፣ እድርተኛ አይጠራ። ያልነበረች ልጅ አይለቀስላትም።

የሚሰሙኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እትዬ ጥሩነሽ ማቆያው ተዘግቶ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ቪላውም ቢሮ ሆኖ ካበቃ በኋላ፣ ወፍጮ ቤት ወይ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ግራ ቀኝ አይተው «ሎሚ እንዴት ናት?» ይሉኝ ነበር።

«ደህና ናት እትዬ፣ አድጋለች።»

«ፀጉሯስ?»

«ትከሻዋን አልፏል።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ «አልተዳረችም?» ይላሉ።

«ጠያቂ በዝቶባታል፣ እሷ ናት የምታማርጠው።»

«ታማርጥ፣ እሾህ አላት ብለሽ ንገሪያቸው» ይሉና እንደ ድሮው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ መንገድ ላይ ቆመን፣ ሁለታችን አሳደግናት።

ኤልያስ አሁን ናዝሬት ነው፣ የጭነት መኪና ይነዳል። በዓል በዓል ይደውላል። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» ሚስቱም ሰላም ትለኛለች። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ነው ሲሉኝ፣ ገባ እስኪሉኝ ድረስ አልተኛም፤ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ዓመት እትዬ ጥሩነሽ አረፉ። ኤልያስ በአጋጣሚ ለሥራ አዲስ አበባ መጥቶ ስለነበር ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ከፊት በኩል አደረጉት። አፈሩ ሲመለስ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ማን ነበሩ?» አለኝ።

«ሞግዚትህ። ማቆያ ሳለህ።»

«አላስታውሳቸውም» አለ። መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፣ ጥሩ ልጅ ነው። «አይዞሽ እማዬ፣ እንዴት እንዲህ ታለቅሻለሽ? ለእሳቸው ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለእሳቸው ነው» አልኩት።

ለእሳቸውም ነበር።